የፖሊስተር ኢላስቶመር ጎሚኒ ለሰለሰ፤ ምን እንቀላቅልበት?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የኢንጀክሽን ወርክሾፕ አለን። ለአይሱዙ የባሌስትራ ጎሚኒ፣ ማለትም ፒኑን የሚከበውን ቡሽ፣ እና ሌሎች የመኪና ዕቃዎች እንሠራለን። የምንጠቀመው ነጋዴ ከዱባይ የሚያመጣውን ባለ 55 ሾር ዲ (የጥንካሬ ቁጥሩ ነው) ፖሊስተር ኢላስቶመር ነው፤ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ፕላስቲክ። ደንበኞች ‹ይለሰልሳል፣ ቶሎ ይላላል› ይሉናል። 30 በመቶ ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን) ቀላቅለን ሞከርን። ከሞልድ ሲወጣ ያምር ነበር። ተገጥሞ ትንሽ ከሠራ በኋላ ግን ልጡ እየተነሳ ተመለሰልን። አሁን የተፈጨ ሃይላንድ ልንጨምር አስበናል፤ ሁለቱም ፖሊስተር ስለሆኑ ይዋሃዳሉ ተብለናል። ሌላ ሰው ደግሞ ናይለን ይሻላል ይላል። ስንት በመቶ እንጨምር?»

ስንት በመቶ የሚለው ቆይቶ ይመጣል። መጀመሪያ መመለስ ያለበት የትኛው የሚለው ነው። ከጠቀሳችኋቸው ከሦስቱ አንዱም አይሆንም። ፒፒው ምን እንዳደረገ አይታችኋል። ሃይላንዱ ከፒፒው የባሰ ሊያከስራችሁ ይችላል፤ ጉዳቱ ቶሎ አይታይማ። ናይለኑም ለዚህ ሥራ አይደለም። የሚያዋጣው ከዚያው ከፖሊስተር ኢላስቶመር ቤተሰብ ጠንከር ያለው ዓይነት ነው። እሱ ካልተገኘ ፒቢቲ የሚባለው ደረቅ ፖሊስተር ነው። ከሁሉም በፊት ግን ደንበኞቻችሁ «ለሰለሰ» ያሉት ነገር በቅልቅል የሚድን መሆኑን አረጋግጡ።

የያዛችሁት ዕቃ አዲስ አይደለም። ዱፖንት ሃይትረል ብሎ ገበያ ላይ ያዋለው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። አርኒቴል፣ ፔልፕሬን፣ ኪፍሌክስ የሚባሉትም የዚያው ወንድሞች ናቸው። ስሙ ይለያይ እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ረጅሙ ሰንሰለት የተሠራው ሁለት ዓይነት ቁራጭ እየተፈራረቀበት ነው። አንደኛው ቁራጭ ፒቢቲ ነው። ይህ ደረቅ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ክሪስታል ሠርቶ ሰንሰለቶቹን አንድ ላይ ይይዛል። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ፖሊኢተር ነው። እሱ ለስላሳ ነው፤ ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ደረቁ ሲበዛ ዕቃው ይገትራል፤ ለስላሳው ሲበዛ ይለሰልሳል። ከረጢቱ ላይ ያለው የሾር ዲ ቁጥር በተዘዋዋሪ የሚነግራችሁ የሁለቱን ድርሻ ነው። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ነገር ግማሹ ይገባችኋል፤ ፒቢቲ ከዚህ ዕቃ ጋር የሚስማማው ድሮም ግማሽ አካሉ ስለሆነ ነው።

ወደ ቁጥሩ እንግባ። በክፍል ሙቀት የመታጠፍ ግትርነት፣ ማለትም ፍሌክሹራል ሞዱለስ፣ ለባለ 40 ሾር ዲው 60 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። ባለ 55ው 200 ገደማ፣ ባለ 63ው 330 ገደማ፣ ባለ 72ው 570 ገደማ ነው። ባለ 82ው ከ1100 ያልፋል። ንጹህ ፒቢቲ 2500 አካባቢ ነው። እስቲ ከ55 ወደ 72 ያለውን ተመልከቱት። የሾር ቁጥሩ ያደገው ሲሶ እንኳ በማይሞላ ነው። ግትርነቱ ግን ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቷል። ስለዚህ የሾር ቁጥሩን በሚለካው በዱሮሜትር ብቻ አትመሩ። ዱሮሜትር የሚነግራችሁ መርፌው ላዩን ምን ያህል እንደወጋው ነው። ጎሚኒው ጭነት ሲያርፍበት ምን ያህል እንደሚሰጥ ግን አይነግራችሁም። ሁለት ናሙና ዱሮሜትር ላይ በሦስት ቁጥር ብቻ ተለያይተው መኪናው ሥር ሌላና ሌላ ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ወደ «ለሰለሰ» እንመለስ። ጋራዥ ውስጥ ይህች ቃል ቢያንስ ሦስት ነገር ትሸፍናለች። አንደኛው ጎሚኒው ሲጫን ከሚገባው በላይ ይሰጣል፣ ሲለቀቅ ግን ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ እውነተኛ የግትርነት ማነስ ነው፤ ጠንከር ያለ ዕቃ ያድነዋል። ሁለተኛው ጎሚኒው ተጭኖ ይከርምና ሳይመለስ ይቀራል። ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል፣ ፒኑ ይወዛወዛል። ይህ ቋሚ መበላሸት ነው። ፖሊስተር ኢላስቶመር በዚህ በኩል፣ በተለይ ሲሞቅ፣ ከጥሩ ጎማ ያነሰ ነው። ጠንካራ ቅልቅል ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሦስተኛው ሙቀት ነው። ባለ 55ው 100 ዲግሪ ሲደርስ ግትርነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የጅቡቲ መስመር የሚሠራ አይሱዙ አፋር ውስጥ አስፋልቱ ከላይ በፀሐይ ግሎ፣ ከጎን ፍሬኑ ግሎ ሲሄድ የናንተ ጎሚኒ አዲስ አበባ ላይ የነበረው ጎሚኒ አይደለም። ስለዚህ የተመለሱትን ዕቃዎች ሰብስቡና ዲያሜትራቸውን በካሊፐር ለኩ። ልኩ ካልተለወጠ የመጀመሪያው ነው። ሞላላ ከሆነ ሁለተኛው ነው። ቅሬታው የሚመጣው ከቆላ ነጂዎች ብቻ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛውን ጠርጥሩ።

ስለ ቅርጹም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ለሚታጠፍ ዕቃ፣ ለምሳሌ ለክንፍ ወይም ለማሰሪያ፣ ውፍረት ማለት ሁሉ ነገር ነው። ግትርነቱ የሚያድገው በውፍረቱ ኩብ ነው። 20 በመቶ ብታወፍሩት ግትርነቱ 70 በመቶ ይጨምራል፤ ጥሬ ዕቃው ሳይለወጥ። ጎሚኒ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጎሚኒ የሚሠራው ተጨምቆ ነው። ይህ ዕቃ ደግሞ ሲጨመቅ መጠኑ አይቀንስም፤ ወደ ጎን ማበጥ ነው የሚፈልገው። የሚያብጥበት ክፍት ፊት ሲሰፋ ይለሰልሳል፤ ሲጠብ ይገትራል። ስለዚህ የጎሚኒውን ግድግዳ ማወፈር ያለሰልሰዋል፤ ማሳሳት ያጠነክረዋል። የውስጡን የብረት ቱቦ ትንሽ ማወፈር፣ ወይም ጠርዙ ላይ እንዳያብጥ የሚይዘው ከንፈር መጨመር፣ ከማንኛውም ቅልቅል በፊት የሚሞከር ነው። ቶርኖ ያለው ጎረቤት ካላችሁ የቱቦው ነገር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ አይታችሁ አሁንም የሚያስፈልገው ጠንከር ያለ ዕቃ ነው ካላችሁ ወደ ቅልቅሉ እንሂድ። ከፒፒው እንጀምር። ፒፒ እና ፖሊስተር ዘይትና ውሃ ናቸው። ፖሊስተሩ ዋልታ አለው፣ ማለትም ሞለኪውሉ ላይ የኤሌክትሪክ ጫፍ አለ፤ ፒፒው የለውም። ባሬሉ (የማሽኑ ማቅለጫ ቱቦ) ውስጥ ስክሩ ስለሚያሻቸው ለጊዜው የተዋሃዱ ይመስላሉ። ሞልዱ ውስጥ በፍጥነት ሲገፉ ግን ይነጣጠላሉ። ግድግዳው አጠገብ ያለው ፍሰት ይጎትታቸውና ጠፍጣፋ ንብርብር ይሆናሉ። በንብርብሮቹ መካከል የሚይዝ ነገር የለም። ከሞልድ ሲወጣ ያማረው ላዩ ስለሆነ ነው። ልጡ የተነሳው የናንተ የማሽን አስተካከል ስህተት ሆኖ አይደለም፤ ሙቀትና ግፊት ብትቀያይሩም አይድንም።

ይህን ለማወቅ ዕቃው መኪና ላይ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ከሞልድ የወጣውን በደንብ አቀዝቅዙት። ጌቱ (ቅልጡ ወደ ሞልዱ የሚገባበት ቀዳዳ) አጠገብ በምላጭ አንድ ሚሊሜትር የምታህል ጥልቀት ሰንጥቁ። የተሰነጠቀውን ጠርዝ በፒንሳ ያዙና ወደ ኋላ ሳቡ። ጤነኛ ቅልቅል ትንሽ ተቦጭቆ ይቆማል፤ የተቦጨቀበት ሻካራ ነው። የታመመው ግን ስስ ልጥ ሆኖ ረጅም ይላጣል፤ ሥሩ ያብለጨልጫል። ሁለት ፍሰት የሚገናኝበትን መስመርም እጠፉት። የማይስማማ ቅልቅል መጀመሪያ የሚከዳው እዚያ መስመር ላይ ነው።

ፒፒን ከፖሊስተር ጋር ማስታረቅ አይቻልም አልልም። ኮምፓቲብላይዘር የሚባል አስታራቂ አለ። ነገር ግን ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ማሌይክ አንሃይድራይድ የተተከለበት ፒፒ ነው፤ እሱ የሚመቸው ለናይለን ነው። ፖሊስተር ጫፉ ላይ ካለው የካርቦክሲል ቡድን ጋር ቶሎ የሚያያዘው ኢፖክሲ ያለው፣ ግላይሲዲል ሜታክሪሌት የተባለው ነው። እሱም ተገኝቶ ደህና የሚያዋህድ ባለ ሁለት ስክሩ ኤክስትሩደር ይፈልጋል። የኢንጀክሽን ማሽን ስክሩ የተሠራው ለማቅለጥና ለመግፋት ነው፤ ለማዋሃድ ያለው አቅም ትንሽ ነው። ይህን ሁሉ ወጪ አውጥታችሁ የምታገኙት በመለጠጥም በመታጠፍ ዕድሜም ከመጀመሪያው ያነሰ ዕቃ ነው። አያዋጣም።

ወደ ሃይላንዱ እንምጣ። «ሁለቱም ፖሊስተር ናቸው» የሚለው በወረቀት ላይ እውነት ነው። ችግሩ ሙቀቱ ላይ ነው። የጠርሙሱ ፕላስቲክ፣ ፔት፣ የሚቀልጠው 250 ዲግሪ አካባቢ ነው። በደንብ እንዲፈስ ማሽኑን ወደ 270 ማድረስ ግድ ነው። የናንተ ባለ 55ው የሚቀልጠው 203 ገደማ ሲሆን የሚመቸው የቅልጥ ሙቀት 235 አካባቢ ነው። 270 ላይ ለስላሳው ቁራጭ መበጣጠስ ይጀምራል። ሙቀቱን ቀንሳችሁ 240 ላይ ብትሠሩት ደግሞ ፔቱ ሳይቀልጥ ፍንካች ሆኖ ዕቃው ውስጥ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ፍንካች የስንጥቅ መነሻ ነው። ሁለተኛው ችግር ውሃ ነው። ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ ፍንካች እጅ ላይ ደረቅ ይመስላል። በውስጡ የያዘው እርጥበት ግን ቅልጡ ውስጥ የኤስተር ሰንሰለቱን ለመቁረጥ በቂ ነው። የሚቆርጠው የፔቱን ብቻ አይደለም፤ የናንተን ውድ ዕቃም አብሮ ነው። የክዳኑና የመለያው ፕላስቲክ፣ የሙጫው ቅሪት ሲጨመርበት ምን እንደምትሠሩ አታውቁትም። ሲወጣ ጠንካራ ይሆናል፣ ደስ ይላችኋል። ከወር በኋላ ጉድጓድ ሲገባ ይሰነጠቃል። ከፒፒው የባሰ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ነገሩን ገልብጦ መሥራት ግን ይቻላል። ፔት ላይ ጥቂት ፖሊስተር ኢላስቶመር ጨምሮ የፔቱን ተሰባሪነት መቀነስ የታወቀ ሥራ ነው። እሱ ሌላ ዕቃ፣ ሌላ ገበያ ነው፤ የናንተ ጥያቄ አይደለም።

ናይለን ላይ ብዙ አልቆይም። ናይለን 66 የሚቀልጠው 260 አካባቢ ነው፤ ስለ ፔት ያልኩት ይበቃዋል። ናይለን 6 በ220 ይቀልጣል፣ ስለዚህ በሙቀት ይገናኛሉ። ግን አይዋሃዱም፤ ውሃ በጣም ይጠጣል፤ ልጡ እንደገና ይነሳል። ናይለን ራሱን ችሎ ጥሩ የቡሽ ዕቃ ነው። ከፈለጋችሁት ብቻውን ሥሩት።

ፒቢቲ ግን ሌላ ነገር ነው። ከኢላስቶመሩ ደረቅ ቁራጭ ጋር አንድ ዘር ነው። 223 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ 240 አካባቢ ላይ ሁለቱም ሳይጎዱ አብረው ይሠራሉ። ያለ አስታራቂ ይያያዛሉ፣ ልጥ አይነሳም። ምን ያህል እንደሚያጠነክር ስትገምቱ ግን ተራ አማካይ አትውሰዱ። 80 በመቶ ባለ 55ው ላይ 20 በመቶ ፒቢቲ ብትጨምሩ በተራ ስሌት 660 ሜጋፓስካል ይወጣል። እንዲህ አይሆንም። ለስላሳው ብዙ ሆኖ ደረቁን ከቦ ስለሚይዝ ዕቃው ወደ ለስላሳው ያደላል። የቁጥሮቹን ሳይሆን የሎጋሪዝማቸውን አማካይ ወስዳችሁ ካሰላችሁት 330 ገደማ ይመጣል። ከዚህ ተነሱና ለኩ፤ እውነተኛው በሁለቱ መካከል ሆኖ ወደ ታችኛው ይጠጋል።

አሁን ከላይ ያለውን ዝርዝር መለስ ብላችሁ እዩት። 330 ማለት ባለ 63ው ነው። ባለ 55 እና ባለ 72 እኩል ለእኩል ብትቀላቅሉም በዚያው ስሌት 340 ገደማ ታገኛላችሁ። ወደ አንድ ቁጥር ሦስት መንገድ አለ ማለት ነው። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ዕቃዎቹ ግን አንድ አይደሉም። ባለ 63ው ፋብሪካ ውስጥ በሰንሰለቱ ደረጃ የተስተካከለ ነው፤ የመታጠፍ ዕድሜውና ከተጨመቀ በኋላ የመመለስ ኃይሉ ከሦስቱ የተሻለ ነው። የ55 እና የ72 ቅልቅል ይከተላል፤ ሁለቱ እርስ በርስ በደንብ ይስማማሉ፣ የዚህ ዕቃ አምራቾችም መካከለኛ ግትርነት ለማግኘት የሚፈቅዱት መንገድ ነው። ፒቢቲው ሦስተኛ ነው። ርካሽ ነው፣ በትንሽ መጠን ብዙ ያጠነክራል፤ ለዚያው ግን ሹል ማዕዘንና ጭረት አይወድም። ጎሚኒያችሁ የውስጥ ማዕዘኑ ሹል ከሆነ ፒቢቲ ከመጨመራችሁ በፊት ሞልዱ ላይ ራዲየስ አውጡለት።

ፒቢቲ እስከ 20 በመቶ ድረስ ዕቃው ኢላስቶመር እንደሆነ ይቆያል ብላችሁ መሥራት ትችላላችሁ። 30 ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ወደ 50 ስትጠጉ የሚከበውና የሚከበበው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ በሁለት በመቶ ስህተት ዕቃው በአንድ ጊዜ ሊለወጥ ይችላል። እናንተ ሚዛን ላይ በባልዲ እየመዘናችሁ ስለምትቀላቅሉ ወደዚያ ሠፈር አትሂዱ። ፒቢቲ ቅዝቃዜ ላይ የሚያመጣው መሰባበርም አለ፤ ግን ይህ ለሀገራችን መንገድ አሳሳቢ አይደለም። ስትገዙ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ያልተሞላ ፒቢቲ ይሁን። ገበያ ላይ ያለው ብዙው 30 በመቶ የመስታወት ክር ያለው ነው። ክሩ ፒኑን ይበላል፣ መለጠጡንም ይገድላል።

ሌሎቹን በአጭሩ። ፒቪሲ ከለስላሳው ፖሊስተር ኢላስቶመር ጋር በእውነት ይዋሃዳል፤ ይህ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተጠና ነው። ኢላስቶመሩ እንደማይተን፣ እንደማይወጣ ማለስለሻ ያገለግለዋል። ይህ የሚሆነው ግን በ150 ዲግሪ አካባቢ በሚቀልጠው በባለ 40ው ነው። ፒቪሲ ወደ 200 ሲጠጋ ይቃጠላል። የናንተ ባለ 55ው ደግሞ ከ203 በታች አይቀልጥም። ስለዚህ ለናንተ የተዘጋ በር ነው። ፖሊካርቦኔት ከፒቢቲ ጋር የመኪና መከላከያ ተሠርቶበታል። ከኢላስቶመር ጋር ግን ቅልጡ ውስጥ ሰንሰለት ይቀያየራሉ፤ የሚያቆመው ማረጋጊያ ካልገባበት ባሬሉ ውስጥ በቆየ ቁጥር ዕቃው ይለወጣል። ፋብሪካ ቀላቅሎ ካመጣው እሺ፤ ወርክሾፕ ውስጥ አይሆንም።

አሁን ወደ ማድረቅ። ከቅልቅሉ ሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ እንድትጠነክሩ እፈልጋለሁ። የተመለሱላችሁ ዕቃዎች መካከል የተሰነጠቁ ካሉ መጀመሪያ የምጠረጥረው እርጥበትን ነው። ፖሊስተር ኢላስቶመር ማሽን ሲገባ እርጥበቱ ከ0.1 በመቶ በታች መሆን አለበት። ፒቢቲ ከ0.04 በታች ይፈልጋል። ስትቀላቅሉ የምትከተሉት ጥብቁን ነው። ባለ 55ውን 100 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ ፒቢቲውን 120 ላይ ከ2 እስከ 4 ሰዓት አድርቁ። ለየብቻ አድርቃችሁ ወዲያው ቀላቅሉ። ማድረቂያው የውጭውን አየር አሙቆ ብቻ የሚነፋ ከሆነ በክረምት አይበቃችሁም። ሐምሌና ነሐሴ የሚነፋው አየር ራሱ እርጥብ ነው፤ እርጥበት የሚመጥ ማድረቂያ ያስፈልጋል። የተከፈተ ከረጢት ሌሊቱን አሳድራችሁ ጠዋት እንደ ደረቅ ዕቃ አትጠቀሙበት።

የእርጥበት መለኪያ ከሌላችሁ የሚከተለውን ሞክሩ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሁለት የላቦራቶሪ ስላይድ መስታወት አስቀምጡና ወደ 235 ዲግሪ አሙቁ። ከጥሬ ዕቃው አራት አምስት ፍሬ አንደኛው ላይ አድርጉ። መቅለጥ ሲጀምር ሁለተኛውን መስታወት ላዩ ላይ አስቀምጡና በእንጨት ተጫኑት። ከምድጃው አውርዱት። ሲቀዘቅዝ ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። አንድ ሁለት አረፋ የታፈነ አየር ሊሆን ይችላል። በብዛት የተረጨ ጥቃቅን አረፋ ግን ውሃ ነው። ማሽኑም ይናገራል፦ ከኖዝሉ ቅልጡ ቀጥኖ የሚንጠባጠብ፣ የሚያፏጭ ከሆነ፣ የዕቃው ላይ የብር ጭረት ካለበት፣ አቁሙና ወደ ማድረቂያው ተመለሱ።

ሌላ የተደበቀ ችግር ጥቁር ማስተርባች ነው። የምትገዙት ጥቁር ቀለም ተሸካሚው አብዛኛውን ጊዜ ፖሊኤቲሊን ነው። ስለዚህ 4 በመቶ ማስተርባች ስትጨምሩ ሳታውቁ ፖሊኤቲሊን እየቀላቀላችሁ ነው፤ እሱም እንደ ፒፒው አይስማማም። ጥቁሩን አትተዉት፤ ይህ ዕቃ የፀሐይ ጨረር ይጎዳዋል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ይልቁንም በፖሊስተር ወይም በፒቢቲ ላይ የተሠራ ጥቁር ጠይቁ።

ከነጋዴ የምትገዙት ፍሬ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው መሆኑን ማጣራትም ለናንተ ነው። ጥቂት ፍሬ ውሃ ላይ ጣሉ። ከተንሳፈፈ ፒፒ ወይም ፖሊኤቲሊን ነው፤ መልሱት። ፖሊስተር ኢላስቶመርም ፒቢቲም ይሰምጣሉ። ሁለቱን ለመለየት ጨው ከዚህ በላይ አልሟሟ እስኪል የተሟሟበት ውሃ አዘጋጁ። ፒቢቲ እዚያም ይሰምጣል። ባለ 40ው ይንሳፈፋል፣ ባለ 55ው መሃል ላይ ያመነታል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ምንነቱ ያልታወቀ ፍጭ ማሽናችሁ ውስጥ አታስገቡ። ፒቪሲ ካለበት በ230 ዲግሪ የሚወጣው ጋዝ ሳንባም ስክሩም ይበላል። ፒቪሲ እና ፖሊአሴታል የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ አንድ ባሬል ውስጥ ከተገናኙ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ግፊቱ ቅልጡን በኃይል ሊተፋው ይችላል። በሁለቱ ዕቃዎች መካከል ማሽኑን በፖሊኤቲሊን በደንብ ሳታጸዱ አትለዋውጡ።

አሁን መቶኛው። የመጀመሪያው ምክሬ ሳትቀላቅሉ አንድ ከረጢት፣ 25 ኪሎ፣ ባለ 63 አስመጥታችሁ በዚያው ሞልድ መሞከር ነው። ከሠራ ነገሩ አለቀ። ባለ 63 ካልተገኘና ባለ 72 ከተገኘ ከባለ 55ው ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሉ። ሁለቱም ካልተገኙ ፒቢቲ። በ10 በመቶ ጀምሩ፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 20። ከ20 አትለፉ። የቅልጥ ሙቀቱን 240 አካባቢ ያዙ። የራሳችሁን ፍጭ ከ20 በመቶ በላይ አትመልሱበት፤ እሱንም አድርቃችሁ። በየደረጃው ጥቂት ዕቃ አውጡና አንድ ቀን አሳድሩ፤ ክሪስታሉ ገና ሳይረጋ የሚለካ ዕቃ ይዋሻል። ከዚያ በምላጭና በፒንሳ ልጡን ፈትኑ። አንዱን በቪስ በታወቀ ልክ ጨምቃችሁ 70 ዲግሪ ማድረቂያ ውስጥ ለ24 ሰዓት አስቀምጡ፤ አውጥታችሁ ሲመለስ በካሊፐር ለኩ። ይህን ከንጹሁ ባለ 55 ጋር እያወዳደራችሁ ጻፉት። የሚጠነክረው ግን የማይመለሰው ቅልቅል ለጎሚኒ አይሆንም። የመታጠሪያ ልኩንም አትርሱ፤ ፒቢቲ ሲገባ ሞልዱ ውስጥ የሚያጥርበት መጠን ትንሽ ስለሚለወጥ ፒኑ ላይ የነበረው መጥበቅ ሊላላ ይችላል።

ፒፒና ሃይላንድ ያሰባችሁት በዋጋ ምክንያት ከሆነ ደግሞ ግልጽ ልሁን። የጥሬ ዕቃ ዋጋ በኪሎ፣ የጎሚኒ ዋጋ በቁጥር ነው። በርካሽ ቅልቅል ያተረፋችሁትን የተመለሰው አንድ ካርቶን ይወስደዋል። ርካሽ ዕቃ የሚፈልግ ደንበኛ ካላችሁ ንጹህ ናይለን 6 ቡሽ ሥሩለትና በስሙ ሽጡለት።

ለማንኛውም እነዚህ ቅልቅሎች ለባሌስትራ ጎሚኒ፣ ለአቧራ መከላከያና ለመሳሰሉት ናቸው። የመሪ ቦል ጆይንት ውስጥ፣ የፍሬን መስመር ላይ ወይም ዕቃው ቢሰበር ተሽከርካሪውን ከመንገድ ሊያስወጣው የሚችል ቦታ ላይ በወርክሾፕ የተቀላቀለ ዕቃ አትግጠሙ። እዚያ አምራቹ ራሱ ደረጃ የሰጠው፣ የቡድን ቁጥር ያለው ጥሬ ዕቃ ብቻ ነው የሚገባው። ያንን ትዕዛዝ ደንበኛ ቢለምናችሁም አትቀበሉ።